አክስቴ ዘነበች እንሰቷን ልትቆርጥ የተነሳችበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ከሆሳዕና ገበያ ወደ ቤት የወሰደኝ ባጃጅ ውስጥ ስብከት ተከፍቶ ነበር። ልጁ ድምፁን ለቆታል፤ ማጉያው ደግሞ ከኋላ፣ ጆሮዬ ሥር ነው። ሰባኪው ቀኑ ታውቋል ይላል፤ ወሩን በስሙ ይጠራል፤ ቤት የምትሠሩ ሰዎች ለማን ነው የምትሠሩት እያለ ይጠይቃል። እኔ ድንችና ጎመን የያዘ ፌስታል ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣

«ማዘር፣ እርስዎ ምን ይላሉ? እውነት ይመስልዎታል?» አለኝ።

«እኔ የምለው ጉድጓዱን እያየህ ንዳ ነው» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሆሳዕና ውስጥ አልነበርኩም። ሐሳቤ ሆመቾ አጠገብ ወዳለችው መንደራችን፣ ወደዚያ የነሐሴ ጉም ሄዶ ነበር። ባጃጁ ቤቴን እስኪያልፍ ድረስ «እዚህ ጋ ወራጅ» ማለቱን ረሳሁት።

የዚያን ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እጠብቅ ነበር። ውጤት የሚጠብቅ ሰው አካሉ ቤት ነው፣ ሐሳቡ የትም ነው። ጠዋት ውሃ ቀድቼ እመለስና በር ላይ ተቀምጬ ጉሙን አያለሁ። ከሸለቆው ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል፤ መጀመሪያ መንገዱን፣ ከዚያ የጎረቤትን ቤት፣ በመጨረሻ ጓሯችንን ይውጠዋል። ዝናብ እንሰት ቅጠል ላይ ሲወርድ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው አይጮኽም። ለስለስ ያለ ነው፤ ቁጭ ባልኩበት ዓይኔን ይከድነው ነበር። ዛሬ የምኖረው በቆርቆሮ ቤት ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ያ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ነሐሴ በእኛ አገር የልክ ወር ነው፤ ምግብ እየተለካ የሚበላበት። አዲሱ እህል ማሳ ላይ ነው፣ ያለፈው ዓመት ደግሞ አልቋል። ያን ጊዜ ቤት የሚያቆመው እንሰት ነው። እንሰትን የማያውቅ ሰው ሙዝ ይመስለዋል። ፍሬው ግን አይበላም፤ ግንዱ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይከርማል፣ ከዚያ ቆጮ ይሆናል። ተተክሎ ለመቆረጥ እስኪደርስ ዓመታት ያስጠብቃል። ስለዚህ በአንድ ቤት ጓሮ ትልልቁ የዘንድሮ ምግብ ነው፤ መካከለኛው የከርሞና የከርሞ ወዲያ፤ ትንንሹ ደግሞ ልጆቹ ሲያድጉ የሚበሉት። የሚተክለው ወንድ ነው፣ የምትፍቀው ሴት ናት። ሴቶች በሚፍቁበት ቦታ ወንድ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንሰት ሲተክል ኖሮ ሲፋቅ አንድም ቀን አላየም።

አባቴ የካቶሊክ ካቴኪስት ነበር። ካህናችን አባ ከከተማ መምጣት በማይችሉባቸው እሁዶች፣ ያም ማለት በአብዛኞቹ እሁዶች፣ በትንሿ የጭቃ ጸሎት ቤታችን ጸሎት የሚመራውና መጽሐፍ የሚያነበው እሱ ነው። ንባቡ ረጅም ነበር። ከመሃል መጀመር አይወድም፤ ታሪኩ ከየት እንደመጣ ካልተነገረ አልተነበበም ይላል። የእኛ መንደር ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ለቅሶና ሠርግ ላይ አብሮ የሚውል መንደር ነውና፣ ጎረቤቶቻችን «የእናንተ ንባብ የተጣደ ድንች ያሳርራል» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

አክስቴ ዘነበች የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ቤቷ ከቤታችን ቀጥሎ ነበር። ሳቂታ ሴት ነበረች፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ ሳቋ ግን ከነጠላው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ባሏ ኤርጎጌ ሸንኮራ ቆረጣ ቆላ ወርዶ ወባ ያዘው፤ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መርዶው የደረሰን አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። ለቅሶው እዚህ ተለቀሰ፤ አክስቴ ግን አስከሬኑን አላየችም። ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ሳቋ ጠፋ። አመሻሹ ላይ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። አንድ ቀን ምን እንደምታይ ብጠይቃት፣

«ሞተ ነው ያሉኝ። እኔ አላየሁም» አለችኝ።

ሰባኪው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በአንጋጫ በኩል መጣ ያሉ ነበሩ፤ በፎንቆ በኩል ነው ያሉም ነበሩ። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተላከ ሲጠየቅ «ከጌታ» ይላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫማው ሁልጊዜ የረጠበ ሰው ነበር። ድምፁ ግን ሌላ ነው። ዝግ ብሎ ሲናገር የሚጮኹ ሕፃናት እንኳ ዝም ይሉ ነበር። ማንንም ምንም አልጠየቀም፤ የሚበላውም ጥቂት ነው። አታላይ ነበር ብዬ ዛሬም መማል አልችልም። ራሱም ያመነበት ይመስለኛል፤ አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

ያስተማረው ይህን ነው፤ ጌታ ዘንድሮ ከያሆዴ በፊት ይመጣል። ያሆዴ የሃዲያ ዘመን መለወጫ ነው፣ በመስቀል ሰሞን የሚከበር። እንግዲህ የቀረው ጊዜ ከወር ብዙም አያልፍም ማለት ነው። አባቴ አንድ ምሽት በስብከቱ ላይ ከሰዎች መሃል ተነሳና ቆቡን አውልቆ፣

«ያቺን ቀን ማንም እንደማያውቃት ጌታ ራሱ ተናግሮ የለም ወይ?» ሲል ጠየቀው።

«ቀኒቱንና ሰዓቲቱን እኔም አላውቅም፣ አባቴ» አለ ሰባኪው በትሕትና። «ወሩን ግን ገልጦልኛል።»

ሰዉ በአድናቆት አጉረመረመ። አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ለአንድ መልስ ሁለት ቀን የሚያስፈልገው ሰው ነበር፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ደግሞ ማን ያዳምጣል? ቤት ስንገባ ብቻ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለና ቆቡን ሰቀለ።

ሰባኪው ሃዲይኛ አያውቅም። የመንደራችን ሴቶች ደግሞ የገበያ አማርኛ እንጂ የስብከት አማርኛ አይገባቸውም። ስለዚህ አስተርጓሚ አስፈለገ፤ አክስቴም እኔን ጠራችኝ። አባቴ ይከለክለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ሂጂ» አለኝ። «አፍሽን አውሺው። ልብሽን ግን ቤት ትተሽ ሂጂ።»

አስተርጓሚ ማለት እንደ ጥላ ነው። በግራው ትቆሚያለሽ፤ እጁን ሲያነሳ ታነሻለሽ፣ ድምፁን ሲያወርድ ታወርጃለሽ። አንድ ቀን አስነጠሰውና እኔም ለማስነጠስ ትንሽ ነው የቀረኝ። ልቤን ግን ቤት ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ሙታን ከያሉበት ሲነሱ ይተርካል። ከቆላም ከደጋም፣ በማያውቃቸው ሰው እጅ የተቀበሩት ሁሉ፣ ጭቃ ሳይነካቸው በዚህ መንገድ ሲመጡ። በእናቴ ቋንቋ መልሼ ስናገረው ቃሉ በአፌ ውስጥ ይጣፍጠኝ ነበር። አክስቴ ከፊት ተቀምጣ አፍ አፌን ታያለች። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምሽት ይመስለኛል፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ሳቀች። ያን ሳቅ ስሰማ ሰባኪውን ወደድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሕልም ናቸው። ዊጆ የምንለው የሴቶች የቅቤ ዕቁብ አለ፤ ለያሆዴ ተብሎ ወራት ሙሉ የሚጠራቀም። ያሆዴ የማይደርስ ከሆነ ለማን ይቀመጣል? ቅቤው ወጣ። ትልልቆቹ እንሰቶች ተቆረጡ። ከእንሰቱ የተጨመቀው ነጭ ቡላ በወተትና በቅቤ ተሠርቶ አተካና ሆነ፤ በዚያ የልክ ወር ልክ የሚባል ነገር ጠፋ። የልጆች አገጭ በቅቤ ያብረቀርቃል። ሴቶች እየዘመሩ ከቤት ቤት ይሄዳሉ፤ የተጣሉ ጎረቤቶች ይታረቃሉ። ዝናቡ ይዘንባል፤ ጉሙ ይመጣል ይሄዳል፤ እኔም ውጤቴን መጠበቅ ትቼ ከሁሉም ጋር ጌታን እጠብቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ታዲያ ሐሙስ ዕለት ሰባኪው አዲስ ነገር ተናገረ። ትልልቁን ቆርጦ ትንንሹን ያቆየ ሰው በልቡ «ጌታዬ ይዘገያል» እንዳለው እንደ ክፉው ባሪያ ነው አለ። ለከርሞ ያቆመ አላመነም፤ ያመነ ጓሮውን ባዶ ያደርጋል። አንድ ጎረቤታችን ቀድሞ አድርጎታል ብሎ አመሰገነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የእህት ዘነበች እምነት ይታያል አለ። አረፍተ ነገሩን ተርጉሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። ትንሿ ልጇ ጉልበቷ ላይ ተኝታ ነበር።

ለአባቴ ነገርኩት። አርብ ጠዋት ወደ አባ ሰው ልኮ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ መልእክተኛው ከመንገድ ተመለሰ። አባቴ እህቱ ቤት ሄደ፤ በርም ሳይከፈትለት ተመለሰ። እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ እጁን እያሞቀ፣

«ነገ ሴቶቹ የሚሠሩበት ቦታ እኔ አልገባም» አለ። «አንቺ ግን እዚያ ነሽ።»

«ምን ልበል?»

«እሱ የሚለውን ተርጉሚ። መጽሐፉን ስትከፍቺ ግን ከመሃል አትጀምሪ።»

የነገረኝ ይህን ብቻ ነው። ወደ በሩ ብርሃን ሄጄ ክፍሉን ፈልጌ አነበብኩ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩ። ስንት ምሽት ሙሉ ግማሹን ብቻ ስንሰማ እንደነበር ያን ጊዜ አየሁት።

ቅዳሜ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሴቶቹ ቢላቸውንና የቀርቀሃ መፋቂያቸውን ይዘው አክስቴ ጓሮ ገቡ። ሰባኪው ወንድ ነውና ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ እኔ ከአጥሩ ውስጥ፣ ፊት ለፊቱ። አባቴ ከመንገዱ ማዶ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። አክስቴ ቢላዋን እንደያዘች ከአንዲት ለጋ እንሰት ጎን ናት። ሰባኪው በአጥሩ ላይ መጽሐፉን አቀበለኝና፣

«እህት ተስፋነሽ፣ ክፉው ባሪያ ከሚለው አንብቢላቸው» አለ።

ጥቂት መስመር ወደ ላይ ወጣሁና ከዚያ ጀመርኩ። በሃዲይኛ ነገርኳቸው። ጌታው ሩቅ ሲሄድ ቤተሰቡን አደራ የሰጠው አንድ አገልጋይ ነበር። አደራውም ለቤተሰቡ ምግባቸውን በጊዜው መስጠት ነው። ጌታው ሲመለስ ይህን ሲያደርግ የሚያገኘው አገልጋይ የታደለ ነው። ክፉው ደግሞ ጌታዬ ይዘገያል ብሎ ባልንጀሮቹን መታ፣ ከሰካራሞች ጋር በላ፣ ጠጣ። የክፉው ጥፋት ለልጆች ምግብ ማቆየት አይደለም፤ የአደራውን ቤት መብላት ነው። እጁን አይቼ የምከተለው ሰው ስለሌለ እጄን የት እንደማደርገው አላወቅኩም።

ሰባኪው ቃሉ ባይገባውም ርዝመቱ ገባው። «እህቴ፣ እኔ ያልኩሽ አጭር ነው» አለ።

«ከላይ ነው የጀመርኩት፣ ወንድሜ። ምግባቸውን በጊዜው ከሚለው።»

«እሱ ክፍል ለዚህ ዘመን አይደለም።»

«አንዱ ታሪክ ነው። ግማሹ ለዚህ ዘመን፣ ግማሹ ለሌላ ዘመን እንዴት ይሆናል?»

አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘነ ይመስል ነበር። «አንቺ መምጣቱን አታምኚም ማለት ነው?»

«አምናለሁ» አልኩት። «ስለማምን ነው ሙሉውን ያነበብኩት።»

ከዚያም ወደ ሴቶቹ ዞሬ እሱ ያለውንም እኔ ያልኩትንም አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ። የራሱን ክርክር ራሱ የሚተረጉም ሰው አይታችሁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ያን ቀን አደረግኩት። አንዲት ትልቅ ሴት ቢላዋቸውን በቅጠል ጠቅልለው፣

«እኔስ ከመቁረጤ በፊት ቤት ገብቼ ልጆቼን ልያቸው» አሉና ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ሰባኪው መጽሐፉን ተቀበለኝ። «ጌታ ይርዳሽ» አለኝና በጉሙ ውስጥ ሄደ።

አክስቴ ብቻ ቀረች። ቢላዋ ከእጇ አልወረደም። እኔን አላየችኝም፤ አባቴን ነው ያየችው፣ በአጥሩ ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ።

«ወንድሜ፣ አይመጣም ማለት ነው?»

«ይመጣል፣ ዘነበች።»

«መቼ?»

«እሱን ለእኔ አልነገረኝም። ለዚያ ሰውም አልነገረውም።»

«ታዲያ እኔ ስንት ዓመት ልጠብቅ?»

አባቴ ሁለት ቀን ቢሰጠውም ለዚህ መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም። «ልጆችሽን እያበላሽ ጠብቂ፤ እኔም አብሬሽ እጠብቃለሁ» ብቻ አላት።

ቢላዋ ወደቀ። አክስቴ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። መርዶ የመጣ ዕለት እንደዚያ አላለቀሰችም። የሞተውን ባሏን ያን ቀን ነው የቀበረችው፤ ሰባኪው በወር ውስጥ ሊመልስላት የነበረውን ሰው እኔ ነኝ መልሼ የወሰድኩባት። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ልነካት ግን ፈራሁ። እውነት መናገር እንደዚያ እንደሚያምም ማንም አልነገረኝም ነበር። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። አባቴ ቆቡን ሳያጠልቅ፣ እስክትጨርስ ድረስ መንገዱ ላይ ቆመ።

ሰባኪው በዚያው ሳምንት መንደሩን ለቀቀ። ያሆዴ መጣ፤ ወጣቶች ችቦ አበሩ፤ ቅቤ ግን አልነበረም፤ ስለ ወሩም ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጓሮውን ባዶ ያደረገው ጎረቤታችን ከባድ ዓመታት አሳለፈ። አክስቴ ከራሷ ጓሮ ችግኝም ቆጮም ሰጠችው፤ ወደ እኔ ግን አትዞርም። ውጤቴ መጥቶ ነርስነት ልማር ስሄድ ጉንጬን ስማ ሸኘችኝ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አልነበራትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ አገሩ ሲቸገር፣ ያን ቀን ለጋ የነበሩት እንሰቶች ደርሰው ቆመው ነበር። ልጆቿ እነሱን በልተው አደጉ፤ የእኛም ቤት ከእነሱ በላ።

አክስቴ ያረፈችው ዓምና በጥር ነው፣ በጣም አርጅታ። ከሥራ በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እሷን ማስታመም የእኔ ድርሻ ሆኖ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ወተት በማንኪያ ሳጠጣት እጄን ያዘችኝ።

«ያኔ ተቀይሜሽ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ አክስቴ።»

«ኤርጎጌን ሳገኘው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ልጆቹ ነው» አለች። «በዚያ ዓመት ብሄድ ኖሮ ምን እለው ነበር? አሁን የምነግረው ብዙ አለኝ።» ከዚያም ልትነግረው ያሰበችውን ለእኔ ነገረችኝ፤ የትልቁን መምህርነት፣ የመካከለኛዋን ሠርግ፣ የትንሿን ክፉ አመል። ለመሳቅ ነጠላዋን ፈለገች፤ እኔ አንስቼ አፏ ላይ አደረግኩላት።

እኔም ባሌን ከቀበርኩ ሁለት ክረምት አለፈኝ። በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ አፈር አልብሼ ነው የቀበርኩት፤ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ካህኑ ጸሎተ ሃይማኖት ሲያስደግሙን፣ ይመጣል ብዬ አብሬ እላለሁ፤ እምነቴም ነው። ግን ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ ባደረ ጠዋት፣ አንድ ደግ ድምፅ ያለው ሰው አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ወሩን ቢነግረኝ ብዬ እመኛለሁ። አክስቴን አሁን ነው የማውቃት። እንደዚያ ተኝቼ ጣራውን ሳይ፣ ከጎኔ ያለችው የልጅ ልጄ ትነቃና «እማማ፣ ራበኝ» ትለኛለች።

እነሳለሁ።